«ጥጋብ ነው» አትበሏቸው

አንዲት ልጅ አልበላም ስትል ወይም በልታ ስታስመልስ፣ ደሴ ውስጥ መጀመሪያ የሚነገራት «ጥጋብ ነው» የሚል ቃል ነው። የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ይህን ቃል ከእናት፣ ከአጎት፣ ከጎረቤት ሰምቻለሁ። ነጭ ጋወን ከለበሰ ሰውም ሰምቻለሁ። በጣም ሰልችቶኛል። የአመጋገብ መዛባት የሚባለው ሕመም ሰው የሚገድል ሕመም ነው። ስለዚህ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሣ።

«የፈረንጅና የሀብታም ልጅ በሽታ ነው። ረሃብ ባየ አገር ማን ምግብ ይጠላል?»

ነገሩ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ያዩ ሰዎች ዛሬም በየቤታችን አሉ። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን ይዘው መጥተው «እኛ ቅጠል ቀቅለን በልተናል፤ እሷ በእንጀራ ትጫወታለች» ብለው አለቀሱ። ልጅቷ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቀና ብላ አላየቻቸውም። እጇን ስይዘው በረዶ ነው። ልቧ በደቂቃ 44 ጊዜ ይመታል። ክንዷ ላይ እንደ አራስ ልጅ ያለ ስስ ጸጉር በቅሏል። የወር አበባዋ ከቀረ ወራት ስላለፈ ቤተሰቡ እርግዝና ጠርጥሮ ኖሯል። ጥጋብ ልብን እንዲህ አያዘገይም። ረሃብ ነው የሚያዘገየው።

ይቺ ልጅ የተራበች ልጅ ናት። የእሷን ረሃብ ያመጣው ድርቅ ሳይሆን ፍርሃት ነው። «ትንሽ ልቀንስ» ብላ ጀመረች፤ ከዚያ ረሃቡ ራሱ አእምሮዋን ያዘው። አኖሬክሲያ የምንለው ይህን ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 እና በ1945 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ገደማ በተቀነሰ ምግብ ኖሩ። የክብደታቸውን ሩብ ያህል አጡ። ከምግብ ሌላ ማሰብ አቃታቸው። አንዷን ሰሐን ይዘው ለረጅም ጊዜ ይቀመጡ ነበር። የምግብ አሠራር መጽሐፍ ያነብቡ ነበር። ከሰው ራቁ፤ ተከፉ። ምግቡ ሲመለስላቸው ደግሞ አንዳንዶቹ ማቆም እስኪያቅታቸው በሉ። ሲገቡ ጤነኞች ነበሩ፤ እንዲህ ያደረጋቸው ረሃቡ ነው። ስለዚህ ልጅቷን በ77 እያስታወሱ መውቀስ ምንም አይፈይድም። እሷ ራሷ ረሃብ ላይ ናት።

ድህነትም ከዚህ ሕመም አያድንም። ምግብ አንድ ቀን ተገኝቶ አንድ ቀን በሚጠፋበት ቤት፣ ራስን መቆጣጠር እስኪያቅት የመብላት ችግር ይበልጥ እንደሚታይ ጥናቶች አሳይተዋል። ኮምቦልቻ ፋብሪካ የምትሠራ አንዲት ልጅ አክሜ አውቃለሁ። ከደመወዟ ለቤተሰብ ትልካለች። ቀኑን በሻይ ትውላለች። ማታ የተከራየችው ክፍል ገብታ በሯን ዘግታ ያገኘችውን ሁሉ ትበላለች፤ ከዚያ ታስመልሰዋለች። አከራይዋ እንዳትሰማ ስልኳ ላይ መዝሙር ትከፍታለች። ይቺን ጥጋበኛ ልትሏት ነው?

«ጨጓራ ነው።»

የኮምቦልቻዋ ልጅም ለረጅም ጊዜ ጨጓራ ነው ተብላ ኦሜፕራዞል ስትወስድ ነበር። «ራስሽ ነሽ ወይ የምታስመልሺው?» ብሎ የጠየቃት ሰው የለም። ጉንጯ ከጆሮዋ ሥር አብጧል፤ የጣቷ መገጣጠሚያ ላይ ጥርስ የፋቀው ጠባሳ አለ። አንድ ጥያቄ በቂ ነበር። እርግጥ የሚከሳ ሰው ቲቢም፣ ስኳርም፣ እንቅርትም መመርመር አለበት። ውጤቱ ደህና ሲሆን ግን «ምንም የለባትም» ብሎ ወደ ቤት መላክ ሕክምና አይደለም።

«ካልከሳች አልታመመችም።» ቡሊሚያ፣ ማለትም ብዙ በልቶ የማስመለስ ሕመም፣ ያለባቸው ብዙዎቹ ክብደታቸው እንደ ማንኛውም ሰው ነው። መላልሶ ማስመለስ ፖታሲየም የሚባለውን የደም ጨው ያሳጣል። ፖታሲየም ሲወርድ ልብ ምቱን ይስታል። ሰው ሳይከሳም በዚህ ይሞታል።

«ሰናመኪ ያቀጥናል።» ይህ የሚያስቀምጥ ቅጠል አያቀጥንም። የምግቡ ጉልበት በአብዛኛው የሚመጠጠው ትንሹ አንጀት ውስጥ ነው፤ ሰናመኪ የሚሠራው ትልቁ አንጀት ላይ ነው። የሚወጣው ውሃና ጨው ነው።

«የሴት ነገር ነው።» ወንዶችም ይታመማሉ።

«ብታገባ ይለቃታል።» አይለቃትም። ከእናቷ የደበቀች ከባሏም ትደብቃለች።

«ጾም ነው፣ ተዋት።» ይህን ከሁለቱም ሃይማኖት ቤተሰቦች እሰማለሁ። ጾም በሽታውን አያመጣም፤ መደበቂያ ግን ይሆናል። ፋሲካ አልፎም እየጾመች ከሆነ፣ ወይም ቀዷ (ያመለጠ ጾም ማካካሻ) ሳይኖርባት ረመዳን አልፎ በየቀኑ የምትጾም ከሆነ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋት። ቁርኣን ለታመመ ሰው ፈቅዷል። የንስሐ አባትም ለታመመ ይፈቅዳሉ። እናንተ ከምትከራከሩ እሳቸውን ወይም ሼሁን ጥሩ፤ ከእነሱ አፍ ስትሰማ ትቀበላለች። ጠበልም ትጠመቅ፣ አልከለክልም። በባዶ ሆድ ብዙ ጠበል ጠጥቶ ማስመለስ ግን ለእሷ አደጋ ነው።

«በግድም ቢሆን አጉርሷት።»

እዚህ ላይ ግማሹ እውነት ነው። ለታዳጊዎች ጥሩ ውጤት ያሳየው ሕክምና ወላጅ የምግቡን ኃላፊነት ለጊዜው የሚረከብበት ነው። በጩኸትና በጉርሻ ግን አይሆንም። አንድ ትሪ ላይ ሲበላ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታይም። ያቺ ተማሪ እንጀራውን በጥፍሯ ልክ እየቆረሰች፣ ወጡን ትሪው ጠርዝ ላይ እየጠረገች፣ እናቷ ያጎረሰቻትን በጉንጯ ይዛ ወደ ጓሮ ትወጣ ነበር። ቤተሰቡ ሁሉ ከቧት ማንም አላየም። ስለዚህ ለብቻዋ በሰሐን አቅርቡላት፤ አንድ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ አብሯት ይብላ። ከበላች በኋላ አንድ ሰዓት ያህል አትለይዋት፤ ቡና አፍሉና አጫውቷት። ስለ ኪሎ አታውሩ። «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» ለእኛ ምርቃት ነው። እሷ ግን ያን ቀን እራት አትበላም።

በጣም ከከሳች፣ ወይም ለብዙ ቀን ምንም ካልቀመሰች፣ ቤት ውስጥ ገንፎ በቅቤ አትጀምሩላት። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት ደም ውስጥ ያለው ፎስፌት ይወርዳል፤ ልብ ይደክማል፤ ሰው ሊሞት ይችላል። በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን የምናክም ሁሉ ይህን እናውቃለን። ለዚህ ነው በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ባለው ኤፍ 75 ወተት ቀስ ብለን የምንጀምረው። ለትልቅ ሰውም ሆስፒታል ውስጥ፣ በልክ በልኩ ይጀመር።

ራሷን ከሳተች፣ ልቧ ያለ ልክ ከመታ፣ ደም ካስመለሰች፣ ወይም መኖር አልፈልግም ካለች በዚያው ሌሊት ውሰዷት። ኮምቦልቻ ካልተቻለ የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ አምጧት፤ እስኪነጋ አትጠብቁ። ተረኛ ሐኪሙን ፖታሲየምና ፎስፌት እንዲለካ፣ ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) እንዲያነሣ ጠይቁት። እሱ «ጨጓራ ነው» ብሎ ከመለሰላችሁ፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደምታስመልስና ምን ያህል እንደምትበላ በቁጥር ንገሩት።