«ቀይ ቀለም ቤት ያጠባል» እና ሌሎች የተሳሳቱ አመለካከቶች

ደብረ ማርቆስ የእናቴን ሳሎን አንዱን ግድግዳ ጥቁር ቀይ አስቀባሁት። ደማቁን ቀይ ማለቴ አይደለም። ክረምት ሲገባ፣ ዝናብ የጠጣ የታረሰ ማሳ የሚይዘውን መልክ ነው። ቀለሙ ሳይደርቅ የዘመድ የጎረቤቱ አስተያየት ጎረፈ። ደጋግሜ የሰማሁትን አንድ በአንድ ልመልስ።

«ቀይ የመጠጥ ቤት ቀለም ነው»

እዚህ ላይ ሁለት ቀይ ተምታቷል። የሚያብለጨልጨው ደማቅ ዘይት ቀለም ሌላ ነው። ይሄኛው ወደ ቡናማ ያደላል፣ አያንጸባርቅም። መልኩን የሚሰጠው በዝገት ውስጥ ያለው ዓይነት የብረት ውህድ ነው። የጎጃምን ቀይ አፈር ያቀላው፣ እንስራም ከእሳት ቀልቶ እንዲወጣ የሚያደርገው እሱው ነው። ፀሐይ ቶሎ አያደበዝዘውም። ታዲያ እንዴት ባዕድ ቀለም ይሆንብናል?

«ክፍሉን ያጨልማል፣ ያጠባል»

ይሄ ግማሽ እውነት አለው። ጥቁር ቀለም ብርሃን ይውጣል። መስኮቱ ትንሽ የሆነ ክፍል አራቱንም ግድግዳ ቢቀባ ይከብዳል። አንድ ግድግዳ ብቻ ሲሆን ግን ሌላ ነው። ዘጌ ሄዳችሁ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን አይታችሁ ከሆነ፣ የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል የተሞላ ነው፤ ቀዩም ብዙ ነው። በሮቹ ተከፍተው ብርሃን ሲገባ ያ ቀይ ሕይወት ይዘራል እንጂ አይጫንም። ስለዚህ ከመስኮቱ ትይዩ ያለውን ግድግዳ ምረጡ። ኮርኒሱንና የቀሩትን ግድግዳዎች ነጭ ወይም ክሬም አድርጉ። አምፖሉም ወሳኝ ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ አምፖል ይህን ቀይ ጭቃ ያስመስለዋል፤ ቢጫ ብርሃን ያለው ያምርበታል።

«ቤት ያሞቃል»

ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ብርዱን እናውቀዋለን። ቢሆንማ ደስ ባለኝ! ግን የውስጥ ግድግዳ ቀለም ክፍሉን አያሞቅም። ዓይን ሞቅ ያለ ይመስለዋል፣ በቃ። የውጭ ግድግዳ ከሆነ ጥቁር ቀለም የፀሐይ ሙቀት ይስባል። ባሕር ዳር ላላችሁ ይሄ ልታስቡበት የሚገባ ነው።

«ቀይ አፈር ከውሃ ቀለም ጋር ቢቀላቀል ያው ነው»

አይደለም። የጭቃ ቤትን በቀይ አፈር መለቅለቅ የቆየና የሚያምር ሥራ ነው፤ ጭቃ ከጭቃ ይያያዛል። ከጓሮ የተዛቀ አፈር በውሃ ቀለም ውስጥ ሲገባ ግን ቀለሙ አጥብቆ አይዝም። ልብስ ያቆሽሻል፣ ቆይቶም ይረግፋል።

«ጥቁር ስለሆነ አንድ እጅ ይበቃል»

አንድ እጅ ብሩሽ ያለፈበትን ሁሉ ያሳያል። ሁለት እጅ ግድ ነው፣ አንዳንዴ ሦስት። እርጥበት ያለበት ግድግዳ ደግሞ መጀመሪያ ይድረቅ፣ ከዚያ ስቱኮ ይደረግ። ክረምት ላይ ባትጀምሩት እመርጣለሁ።

ሙሉ ቆርቆሮ ቀለም ከመግዛታችሁ በፊት በትንሹ ግድግዳው ላይ ሞክሩ። ሲደርቅ መልኩ ይለወጣል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ መብራት ሲበራ እዩት። እኛ ሦስት ቀን አየነው። በሦስተኛው ምሽት እናቴ ስፌዶቿን አወጣችና የት የት እንደምትሰቅላቸው መለካት ጀመረች።