ውሻውም ተከተላቸው

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ የእግዚአብሔር ሰላም ይብዛላችሁ።

የጳጉሜን 3 የቅዱስ ሩፋኤል በዓል ካለፈ በኋላ አንዲት እኅታችን ጥያቄ ላከችልኝ። ቤታቸው ያረጀ ውሻ አለ። ስሙ ቦቢ ነው። ከልጇ ጋር አብሮ ያደገ ነው። አሁን የኋላ እግሮቹ አይታዘዙትም። ምግብ ትቷል፤ ሌሊቱን ሲያቃስት ያድራል። ባለቤቷ "በባጃጅ ጭነን ወደ አጋሮ መንገድ ጫካው ጋ እንተወው፣ ከመግደል ይሻላል" ይላል። ልጁ ያለቅሳል። ጎረቤት ደግሞ ልጁን "ለውሻ አይለቀስም፣ ኃጢአት ነው" ብላ ተቆጥታዋለች። እኅታችን "መምህር፣ ከሁለቱ የትኛው ነው ኃጢአት?" ትላለች።

ለእሷ ብቻ መልሼ ልተወው ነበር። ግን ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ አይደለም። ያረጀ ውሻ ከከተማ ወጣ አድርጎ መጣል እዚህ ጅማ የተለመደ ሆኗል። የሚጥሉትም እኮ ሌሎች አይደሉም፤ ከእኛ ጋር አብረው የሚያስቀድሱ ናቸው።

ጠቢቡ ሰሎሞን እንዲህ ይላል፦ "ጻድቅ ለእንስሳው ነፍስ ይራራል፤ የኀጥኣን ምሕረት ግን ጨካኝ ነው" (ምሳሌ 12፥10)። የመጀመሪያውን ግማሽ ሁላችንም እንወደዋለን። ሁለተኛውን ግን እናልፈዋለን። ምሕረት እንዴት ጨካኝ ይሆናል?

ባጃጁ ላይ የተጫነውን ውሻ አስቡት። ከቤት ሲወጣ ደስ ብሎት ይሆናል፤ ከጌታው ጋር ነዋ። መንገድ ዳር ያወርዱታል። ባጃጁ ይዞራል። ሊከተል ይሞክራል፣ እግሩ ግን እንቢ ይላል። ዝናቡ ይመጣል። የጅማን ዝናብ ታውቁታላችሁ። ሲመሽ ጅብ ይወጣል። ሰውየው ግን እቤቱ ገብቶ ራቱን እየበላ "እኔ አልገደልኩትም" ይላል። እጁ ደም አልነካውምና ምሕረት ያደረገ ይመስለዋል። ያዳነው ግን ራሱን ነው፤ ያውም ከመጥፎ ስሜት ብቻ። ለውሻው ያተረፈለት ምንም ነገር የለም። ሰሎሞን ጨካኝ ምሕረት የሚለው ይህን ነው።

መርዝ በሥጋ ለውሶ የሚሰጥም አለ። መርዝ የበላ ውሻ እየተንፈራገጠ ሲሞት ያየ ሰው ተጨማሪ ስብከት አያስፈልገውም።

ይህን ወደ ሽማግሌ ወላጆቻችን አዙሮ የሚሰብክ አይጠፋም። እኔ አላዞረውም። ዛሬ ለውሻው ራሱ እንናገርለት።

"ግን መጽሐፍ ቅዱስ ውሻን ይጠላል እኮ" የሚል ጥቅስ ቆጣሪ አለ። "ውሻዎች በውጭ አሉ" ይላል፣ ራእይ 22፥15። "ከውሾች ተጠበቁ" ይላል፣ ፊልጵስዩስ 3፥2። እሺ፣ ግን ከጎኑ ያለውን አብራችሁ አንብቡ። ራእዩ ከአስማተኞች፣ ከነፍሰ ገዳዮችና ከጣዖት አምላኪዎች ጋር ነው የሚቆጥራቸው። ጳውሎስም የሚናገረው ስለ ክፉ ሠራተኞች ነው። ሁለቱም ስለ ሰው ነው የሚያወሩት። ስለ ውሻ ከሆነማ ሉቃስ 16ን ክፈቱ። ባለጠጋው አልዓዛርን በደጁ ጥሎት ሲኖር ቁስሉን የላሱለት ውሾች ናቸው። ውሻ ቤተ መቅደስ አይገባም፣ ሥርዓቱ ይታወቃል። አይገባም ማለት ግን ይሠቃይ ማለት አይደለም።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ውሻ ቤት አያስገቡም ብለን ስናማቸው እሰማለሁ። እነሱ ግን ጉድጓድ ወርዶ ለተጠማ ውሻ ውኃ ስላጠጣና ኃጢአቱ ስለተሰረየለት ሰው ለልጆቻቸው ይነግራሉ። እኛስ ለልጆቻችን የቱን ነገርን?

እኛ እኮ የጦብያ ውሻ አለን! እኔ ይህን ውሻ እወደዋለሁ። በየዓመቱ ጳጉሜን 3 ስለ ዓሣው እንሰብካለን፣ ስለ ሐሞቱ እንሰብካለን፣ በሐሞቱም የጦብያ አባት የጦቢት ዓይን መብራቱን እንሰብካለን። ሕፃናቱ ዝናቡን ሲጠመቁ ደስ ይለናል። ውሻውን ግን ማንም አያነሳውም። መጽሐፈ ጦቢት ምዕራፍ 5ን እዩ። ጦብያ ከነነዌ ወደ ሜዶን አገር ሊሄድ ነው። መንገድ የሚመራው ሩፋኤል ነው፤ መልአክ መሆኑን ግን አላወቀም። እናቱ ታለቅሳለች። በዚህ ሁሉ መካከል መጽሐፉ የልጁ ውሻ አብሯቸው እንደ ወጣ ይነግረናል። ስም የለውም። ምንም ተአምር አያደርግም። ከዚያ ምዕራፍ 11 ላይ ሲመለሱ ውሻው አሁንም ከኋላቸው አለ።

ለምን ተጻፈ? መጽሐፉ ያለ እሱም ይሞላ ነበር። በጌታ ፊት የሚቆም ሊቀ መላእክት ከፊት፣ ውሻ ከኋላ። ሩፋኤል "ይህ ይመለስ" አላለም። ከሁሉ የሚነካኝ መመለሱ ነው። ከቤት የወጣው ውሻ ወደ ቤት ተመልሷል። ያን ሁሉ መንገድ ሄደው ጫካ አልጣሉትም። ከመልአክ ጋር የሚሄድ ሰው ውሻውን መንገድ ላይ ጥሎ አይመለስም። አንተ ግን በሩፋኤል ዝክር ላይ ጠበል ጠጥተህ፣ በሳምንቱ ባጃጅ ትጠራለህ!

ወደ ጥያቄው ልመለስ። ውሻ እንደ ሰው አይደለም። የእንስሳ ነፍስ ደመ ነፍስ ናት፤ ከደሙ ጋር ታልፋለች። የሰው ነፍስ ግን ሕያዊት፣ ነባቢትና ለባዊት ናት፤ ማለትም ሕያው ሆና የምትኖር፣ የምትናገርና የምታስብ ናት። ስለዚህ ለውሻ ፍትሐት የለም፣ ተዝካርም የለም። ይህን የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ አልስቅበትም፤ ሐዘን ነው የሚያናግረው። ግን መልሱ የለም ነው።

እንባ ግን አልተከለከለም። ናታን ዳዊትን ሊገሥጸው ሲሄድ ምን ይዞ ሄደ? የአንዲት በግ ታሪክ። ድሀው አሳደጋት፣ ከእንጀራው በላች፣ በብብቱ ተኛች፣ እንደ ልጁም ሆነች (2ኛ ሳሙኤል 12፥3)። ነቢዩ "ለበግ ይህን ያህል?" ብሎ በድሀው አልተሳለቀም። ዳዊትም አልሳቀም፤ ተቆጣ እንጂ። አንዲት ድንቢጥ እንኳ ያለ አባታችን ፈቃድ በምድር ላይ አትወድቅም ያለው ጌታ የልጁን እንባ ይንቃል? እባካችሁ ልጁን ተዉት፣ ያልቅስ። ብትቆጡት የሚወደውን መተው አስተማራችሁት ማለት ነው።

አሁን ምን ይደረግ? መጀመሪያ የእንስሳት ሐኪም ጥሩ። ጅማ የእንስሳት ሕክምና በዩኒቨርሲቲ የሚሰጥባት ከተማ ናት፤ ሐኪም አጣሁ አይባልም። እግር መያዝና ምግብ መተው ሁሌ እርጅና አይደለም፤ የሚታከም በሽታም ሊሆን ይችላል። የሰው ማስታገሻ ከቤት አንሥታችሁ አትስጡት። አይቡፕሮፌን ውሻን ይመርዛል።

ሐኪሙ "አይድንም፣ እየተሠቃየ ነው" ካለ፣ በመርፌ እንዲያሳርፈው መፍቀድ ነፍስ ግድያ አይደለም። ለበዓል በግ የምናርድ ሰዎች ነን፤ "አትግደል" የተባለው ስለ ሰው መሆኑን እናውቃለን። ይህ የእኔ ምክር ነው፤ ልባችሁ ከከበዳችሁ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ። ቤት ውስጥ ይሙት ካላችሁም ደረቅ ጆንያ አንጥፉለት። እንዳይቆስል ቀስ ብላችሁ ጎኑን አገላብጡት። ውኃ አፉ አጠገብ አኑሩ። ያም ሆነ ይህ ከቤቱ ሰው አንዱ አጠገቡ ይሁን። ድምፃችሁን ያውቀዋል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ውሻው ድንገት ጠባዩ ተለውጦ ከተናከሰ፣ ለሃጩ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃተው፣ ያ የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላልና ልጆችን አርቁ፤ ለሐኪም ንገሩ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ፣ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂድ። ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ በሽታው አይድንም።

ልጁ መጸለይ ከፈለገ ይጸልይ። "ጌታ ሆይ፣ ቦቢን ስለሰጠኸን አመሰግንሃለሁ" ቢል ከፍትሐት ጋር የሚያምታታው የለም። ሲቀበርም ጉድጓዱ ጅብ እንዳያወጣው ጠልቆ ይቆፈር፣ ከውኃ ጉድጓድም ይራቅ። አፈሩን ልጁ ልመልስ ካለ አካፋውን ስጡት። አባትየውም ባጃጁን ትቶ አብሮት ይቁም።