እንጨትን ለቤት ውስጥ የዓሣ ገንዳ ማዘጋጀት

ወደ ዓሣ ገንዳ የገባ እንጨት በውስጡ ያለውን ሁሉ ቀስ በቀስ ለውኃው ይሰጣል። ቀለሙን፣ አሲዱን፣ ሙጫውን፣ የተቀባውን ኬሚካል ሳይቀር ዓሦቹ ወደሚኖሩበት ውኃ ስለሚለቅ፣ ከመክተቱ በፊት የሚደረገው ዝግጅት በዋነኛነት ይህን ከውስጡ የማስወጣት ሥራ ነው፤ ብዙ ትዕግሥትም ይጠይቃል።

ጠንካራና ሙሉ በሙሉ የደረቀ እንጨት ይመረጣል። እርጥብ እንጨት ገንዳው ውስጥ መበስበስ ሲጀምር የውኃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ እንደ ጥድ ያሉ ሙጫ የሚያፈልቁ ዛፎች ደግሞ ሙጫቸው ዓሦችን ሊጎዳ ስለሚችል ይቅሩ ይባላል። ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ፣ እንዳይነቅዝ በኬሚካል የታከመ እንጨት ግን የቱንም ያህል ቢታጠብ ገንዳ ውስጥ መግባት የለበትም፤ ለዚህ ከሚውሉት ኬሚካሎች ብዙዎቹ መዳብ አላቸው፣ መዳብ ደግሞ በጥቂቱም ቢሆን ሽሪምፕና ቀንድ አውጣን ይገድላል። ከባሕር ዳርቻ የተለቀመ እንጨት ጨው ስላዘለ ረዘም ላለ ጊዜ መዘፍዘፍ ይኖርበታል። የአውራ ጣት ጥፍር ጫን ሲደረግበት የሚሰረጉድ ከሆነ መበስበስ ጀምሯልና መተው ይሻላል።

የተመረጠው እንጨት ቅርፊቱ ተልጦ፣ የላላው ክፍል ተነሥቶ፣ በጠንካራ ብሩሽና በንጹሕ ውኃ ብቻ ይፈገፈጋል። ሳሙና በእንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ገብቶ ስለሚቀር በፍጹም አይነካም። ከዚያ ምግብ በማይሠራበት ድስት ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይቀቀላል። ሙቀቱ አልጌን፣ የቀንድ አውጣ እንቁላልንና አብዛኞቹን ረቂቅ ተሕዋስያን ይገድላል፤ ታኒን የተባለውንም ቡናማ ንጥረ ነገር ያስወጣል። የመጀመሪያው ውኃ ብዙ ሳይቆይ እንደ ወፍራም ሻይ ስለሚጠቁር፣ ተደፍቶ በአዲስ ውኃ መቀቀሉ ይደገማል። ድስት የማይችለው ትልቅ ግንድ በንጹሕ በርሜል ተቀምጦ የፈላ ውኃ በተደጋጋሚ ይፈስስበታል። በኦቭን ማድረቅ ግን እሳት ሊያስነሣ ስለሚችል አይመከርም።

ቀጥሎ የሚመጣው መዘፍዘፉ ነው፤ ውኃው በየአንድ ሁለት ቀኑ እየተቀየረ ከ1 እስከ 4 ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቆያል። ደረቅ እንጨት በውስጡ አየር ስላለ ይንሳፈፋል፤ በራሱ የሚሰጥመው ውኃ ሲጠግብ ነው። ለመጠበቅ ጊዜ የሌለው ሰው በማይዝግ ብረት ብሎን ከጠፍጣፋ ድንጋይ ጋር ሊያስረው ይችላል። በገንዳው ሁለት የመስተዋት ግድግዳዎች መካከል ወጥሮ መያዝ ግን አደገኛ ነው፤ እንጨቱ ውኃ ጠጥቶ ሲያብጥ መስተዋቱን ሊሰነጥቅ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ውኃው ጥቂት ቡናማ ቢሆን አያስደነግጥም። ታኒን መርዝ አይደለም፤ ካርዲናል ቴትራ የተባለው የገንዳ ዓሣ መኖሪያ የሆነው የአማዞን ገባር ሪዮ ኔግሮ ውኃው የጠቆረው ከበሰበሱ ዕፅዋት በወጡ እንዲህ ባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ሆኖም ማዕድን በሌለው ለስላሳ ውኃ ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን) ዝቅ ስለሚያደርግ፣ ማለትም ውኃውን አሲዳማ ስለሚያደርግ፣ መለካት ይገባል፤ ቀለሙን የማይወድ ሰው በማጣሪያው ውስጥ አክቲቭ ካርቦን (ቀለም የሚመጥ ከሰል) ይጨምራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንጨቱን የሚሸፍነው ነጭ ልጋግም ጉዳት የለውም፤ ሽሪምፕና ቀንድ አውጣ ይበሉታል፣ አለዚያም በብሩሽ ይጠረጋል። እንጨቱ ከፍ ሲደረግ የገማ እንቁላል ሽታ ከሸተተ ግን ውስጡ አየር አጥቶ በስብሷልና ወዲያው መውጣት አለበት።