ይህ የብረት ቆብ የማን ነበር? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ሲወረድ፣ ፖስታ ቤት አካባቢ ባሉት የስጦታ ዕቃ ሱቆች ውስጥ፣ ከመስቀሉና ከጀበናው መካከል አንዳንዴ የዛገ የወታደር የብረት ቆብ ይገኛል። ዋጋውን ሳልጠይቅ ታሪኩ ይነገረኛል። የሚነገረኝ ታሪክ ግን ብዙውን ጊዜ የዚያ ቆብ አይደለም። ይህን ቆብ አንድ ሰው ደፍቶታል፣ አልቦበታል፣ ፈርቶበታል፤ ያ ሰው ስም ነበረው። ስሙን ለማግኘት የሚደክሙትን ከመንገድ የሚያስቱ ነገሮችን አንድ በአንድ ላንሣ።

«የዓድዋ ነው»

ይህን የሚለው ነጋዴ ብቻ አይደለም፤ ከአያቱ የወረሰም ይለዋል። ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ የብረት ቆብ የደፋ የጣሊያን ወታደር አልነበረም፤ ከኢጣሊያ የመጣው ወታደር የሚታወቀው በቡሽ ባርኔጣው ነው። የብረት ቆብ ለዘመናዊ ሠራዊት በብዛት መታደል የጀመረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲሆን ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1915 ቀደሙ። ሞዴል 33 የሚባለው የጣሊያን ቆብ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ እ.ኤ.አ. የ1933 ሥራ ነው። ስለዚህ በአያት እጅ የገባው ቢቀድም ቢቀድም በ1928ቱ ወረራ ነው። አያት ዋሽተዋል ማለቴ አይደለም። «ጣሊያንን ስናባርር» ብለው የተናገሩት ቃል ከልጅ ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ ሁለቱ ጦርነቶች ተቀላቅለው ነው።

«ውስጡ የተመታው ቁጥር የወታደሩ መለያ ነው»

አይደለም። ኤም 1 በሚባለው የአሜሪካ ቆብ ከፊት በኩል ከውስጥ የተመታው ቁጥር ብረቱ የቀለጠበትን ዙር ያመለክታል፤ ከዚያ ዙር የወጡ ቆቦች ሁሉ ይጋሩታል። በጣሊያኑ ላይ 57 ወይም 58 ቢታይ ደግሞ የሻለቃ ቁጥር ሳይሆን ብዙውን ጊዜ የራስ መጠን ነው።

«የአሜሪካ ቆብ ከሆነ ኮርያ ዘምቷል»

ይህ ልብ የሚያሞቅ ግምት ስለሆነ ማፍረሱ ይከብደኛል። ቃኘው ሻለቃ በኮርያ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር 32ኛ ሬጅመንት ጋር ተመድቦ ሲዋጋ የአሜሪካን ትጥቅ መታጠቁ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ኢትዮጵያና አሜሪካ በግንቦት 1945 ዓ.ም. የመከላከያ ስምምነት ከተፈራረሙ በኋላ የአሜሪካ ትጥቅ ከሃያ ዓመት በላይ ወደ አገራችን ገብቷል። ከቶ ባሕር ያልተሻገረ ሰው የደፋው ቆብም ያው ኤም 1 ነው። ከአረንጓዴው ቀለም ሥር ሰማያዊ ብቅ ካለ ደግሞ ኮርያን ትታችሁ ወታደሮቻችን ለሰላም ማስከበር የሄዱባትን ኮንጎን አስቡ፤ ሰማያዊ የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪዎች ቀለም ነውና።

«43 ማለት እ.ኤ.አ. 1943 ነው»

አንዲት ጎረቤቴ የአባቷን ዕቃ ስታስተካክል ያገኘችውን ኤም 1 አምጥታ አሳየችኝ። ከብረቱ ሥር ከሚደፋው ውስጠኛ ቆብ ላይ በላብ የጠቆረውን የቆዳ ጥብጣብ በጥፍሬ ቀስ አድርጌ ስገለብጠው በደበዘዘ ሐምራዊ ቀለም «ተ.ወ. 43» የሚል ጽሑፍ ወጣ። የውጭው ብረት የጠርዙ መጋጠሚያ ከፊት ነው፤ እስከ እ.ኤ.አ. 1944 መጨረሻ ገደማ ይሠራ የነበረው እንዲህ ነበር። ጎረቤቴም «እንግዲያው 43 የተሠራበት ዓመት ነው» አለች። ብረቱ በዚያ ዓመት ተሠርቶ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በግዕዝ ፊደል ስሙን የጻፈ ሰው ዓመት ሲጽፍ በማን አቆጣጠር ይጽፋል? በእኛ ከሆነ 1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በሚያዝያ ወር የዘመተበት ዓመት ነው። ቁጥሩ የጠመንጃ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ቁጥር የመሆን ዕድልም አለው። ፊደሉ ባይኖር ኖሮ ወደ ኮርያ ባላዘነበልሁም።

«ስም ካለበት ባለቤቱ ተገኘ»

ተ.ወ. ተስፋዬ ወልዴ ነው? ተፈራ ወርቁ? ተሾመ ወንድሙ? እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የአያት ስም፣ ማዕረግና የትውልድ አገር ካልተጨመሩ አንድ ስም መቶ ሰው ይጠራል። ኃይሉ የሚል ሙሉ ስም ብታገኙ እንኳ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀና በኃ መፈለግ አለባችሁ፤ ጸሐፊው እንደ ልማዱ ነው የጻፈው። በውጭ አገር መዝገብ ደግሞ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተቆጥሮ ቀድሞ ሊሰፍር ስለሚችል በሁለቱም ስም ፈልጉ።

በዚያ ላይ ኤም 1 ሁለት ዕቃ ነው፤ የውጭው ብረትና ውስጠኛው ቆብ ይለያያሉ። ወታደር በብረቱ ውኃ ይቀዳበታል፣ ፊቱን ይታጠብበታል፤ መልሶ ሲደፋ የጓደኛውን ብረት ሊያነሣ ይችላል። ስለዚህ ከውስጥ የተጻፈው ስም ስለ ብረቱ ምስክር አይሆንም።

«አሜሪካ ብጽፍ ይነግሩኛል»

ሴንት ሉዊስ ያለው የአገልግሎት መዝገብ ቤት የአሜሪካ ወታደሮች ፋይል የሚቀመጥበት ነው። እሱም እ.ኤ.አ. ሐምሌ 12 ቀን 1973 በደረሰው ቃጠሎ ከ1912 እስከ 1960 ከምድር ጦር ከተሰናበቱት የ80 በመቶ ያህሉን ፋይል አጥቷል። የጣሊያን ወታደር ከሆነ ፋይሉ የሚፈለገው በተመለመለበት አውራጃ የመንግሥት መዝገብ ቤት ስለሆነ ከስም ሌላ የትውልድ ዓመትና ቦታ ያስፈልጋል።

የእኛ ሰው የሚፈለገው እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው። ወመዘክር ገብታችሁ የ1943ቱን አዲስ ዘመን አገላብጡ፤ ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የቆዩ ፎቶግራፎችን ጠይቁ። ከሁሉ አስቀድማችሁ ግን አፍንጮ በር፣ ወደ ኮርያ ዘማቾች መታሰቢያ ውጡ። በዚያን ጊዜ ሃያ ዓመት የነበረው ዘማች ዛሬ ከዘጠና አልፏል፤ መዝገብ ቤቱ ይጠብቃል፣ አባቶች ግን አይጠብቁም። የቆቡን ፎቶግራፍ ያሳየኋቸው አንድ አዛውንት ፊደሉን አላዩትም። ጣታቸውን የአገጭ ማሰሪያው ላይ አሳርፈው «ማነው እንዲህ ከኋላ ያሰረው? እኛም እንዲህ ነበር የምናስረው» አሉ። ስም አልነገሩኝም፤ ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎረቤቴ በየዘመዶቿ ቤት ፎቶግራፍ ስትፈልግ፣ ፊት ብቻ ሳይሆን አስተሳሰሩንም ታያለች፤ ጀርባውንም ትገለብጣለች።

«መጀመሪያ ይጽዳ»

በፍጹም። የሽቦ ብሩሽ፣ ጋዝና የብርጭቆ ወረቀት የስንቱን ሰው ስም እንዳጠፉ ሳስብ ያንገበግበኛል። ቀዳዳም ካለው ባለቤቱ ሞቷል ብላችሁ አትደምድሙ፤ በመሰርሰሪያ ተበስቶ የአበባ መትከያ የሆነ ቆብ አለ። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ አራግፉ፣ ክፍሉን አጨልሙ፣ የእጅ ባትሪውን ከጎን አስጠግታችሁ ያዙ። በስለት ተጭሮ የተጻፈ ስም ከቀለም ሥር ጥላ ይጥላል። ያንን ጥላ ፎቶግራፍ አንሡና የቆዳውን ጥብጣብ እንደነበረ መልሱት።