ቅበላ ምንድን ነው? ለ55 ቀን የምትሰነብተዋ የመጨረሻ ገበታ

የካቲት ሲገባ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ጥያቄ ይበዛል። «ቅበላ የት ነን?» ጠያቂው የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል፤ ወይም የአክስት ልጅ፤ ወይም ድምፁ ከጠፋ የሰነበተ ጓደኛ። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ ከበስተኋላው ትልቅ ውሳኔ አለ። የመጨረሻውን የፍስክ ምግብ ከማን ጋር፣ የት፣ ምን እንብላ ነው ነገሩ።

ቅበላ ጾም ሊገባ ሲል ያሉት የመጨረሻ የፍስክ ቀናት ናቸው፤ በተለይ የመጨረሻዋ ቀን። ለነቢያት ጾምም ሆነ ለፍልሰታ ቅበላ የሚወጣ አለ። ሰው እንዲሁ በደፈናው «ቅበላ» ሲል ግን የሚያስበው ዐቢይ ጾምን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነዋ! ሥጋ የለም፤ ወተት፣ ቅቤ፣ አይብ፣ እንቁላል የለም። እሑድ ማታ ከገበታው የተነሣ ሰው እስከ ፋሲካ አያገኛቸውም።

ቀኑ ከፋሲካ ጋር ስለሚሄድ በየዓመቱ ይለዋወጣል። ጾሙ ከየካቲት 1 አይቀድምም፤ ከመጋቢት 5 አያልፍም። የሚገባው ሁሌም ሰኞ ነው። በ2016 መጋቢት 2 ገባ፤ በ2017 ደግሞ የካቲት 17። ቀኑ ለሚጠፋበት ሰው ጥሩ ምልክት አለ፤ ነነዌ። የሦስት ቀኑ የነነዌ ጾም ሰኞ ከገባ፣ ልክ ሁለት ሳምንት ቆጥሮ ዐቢይ ጾም ይገባል። በመሀል ረቡዕና ዓርብ እንደወትሮው ይጾማሉ። በጾሙ ደግሞ ሰርግ ስለማይደገስ፣ ያላገባ ሁሉ የሚቸኩለው በዚሁ ሰሞን ነው። ቅዳሜው በሰርግ፣ እሑዱ በቅበላ ይያዛል።

የከተማው ቅበላ ሥጋ ቤት ነው። ቅዳሜና እሑድ ልኳንዳው ይሞላል፤ ወንበር ፍለጋ ይቆማል። ሽንጥ፣ ዳቢት፣ ታናሽ፣ ጎድን እየተባለ ይቆረጣል። አንዱ ጥሬውን በአዋዜና በሚጥሚጣ፣ ሌላው ጥብሱን ይላል። ክትፎ ቤት የገባው ደግሞ ለብለብ ወይስ ጥሬ ብሎ ይከራከራል። ሰፈር ውስጥ ተሰባስቦ በሬ የሚጥልም አለ። በቅርጫ መደብ መደቡን ተካፍሎ ወደየቤቱ ይሄዳል፤ ለኪስም ይሻላል። ሰኞ ሲነጋ ግን ብዙዎቹ ሥጋ ቤቶች ወይ ዝግ ናቸው፣ ወይ በያይነቱ እየሠሩ ነው።

ጥሬ ሥጋ ለሚበላ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የኮሶ ትል የሚይዘው ካልበሰለ የበሬ ሥጋ ነው። ስለዚህ በቄራ ተመርምሮ ማኅተም ያረፈበትን ሥጋ መጠየቅ አያሳፍርም። ግርግር በበዛበት ቀን ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ምርጫው። ሁሉም ሰው ቅበላን የሥጋ ቀን ያደርገዋል። እኔ ግን ሥጋ ያን ያህል የሚናፍቅ አይመስለኝም። አብዛኛው ቤት ሥጋ የዕለት ምግብ አይደለም። በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ላይ የሚናፍቀው የለመድነው ትንሽ ትንሹ ነገር ነው። የጠዋት እንቁላል ፍርፍር። ገንፎ ላይ ጉብ ያለ ቅቤ። ከቆጮ ጋር የሚቀርብ አይብ። ከሁሉም በላይ ማኪያቶ! የጾም ማኪያቶ እየተሠራ ነው፤ ይጠጣል፤ ግን ያው አይደለም። ስለዚህ የመጨረሻ ገበታችሁን ስትመርጡ ለሁለት ኪሎ ጥሬ ሥጋ ከመሰለፍ በፊት ዘወትር የምትበሉትንና የምትጠጡትን አስቡ።

ሩሲያዎች ይህን በደንብ የገባቸው ይመስለኛል። ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ባለው ሳምንት ሥጋ አስቀድመው ያቆሙና ሳምንቱን ሙሉ ለቅቤ፣ ለወተትና ለእንቁላል ይሰጡታል። ብሊኒ የሚሉትን ስስ ቂጣ በቅቤ እያራሱ ይበላሉ። ሳምንቱ ማስሌኒትሳ ይባላል። እንግሊዞችም ጾማቸው ረቡዕ ስለሚገባ ማክሰኞ ዕለት ፓንኬክ ይጋግራሉ፤ የቤቱ እንቁላልና ወተት እንዲያልቅ።

የእኛ ጾም ከነሱ የሚለይበት ሌላም ነገር አለ። አጥብቆ የሚጾም ሰው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ወይም ቅዳሴ እስኪወጣ ውኃም አይቀምስም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ቅበላ የመጨረሻው ሥጋ ብቻ አይደለም። የመጨረሻው ቁርስም ነው፤ የመጨረሻው የጠዋት ቡናም ነው። እኔ ብጠየቅ የቅበላን እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቁርስ እጀምረው ነበር። ጨጨብሳ በቅቤና በማር፣ ከጎኑ ትኩስ ወተት። ቡናው በዝግታ እስከ ሦስተኛው ድረስ ይፈላል። ከዚያ ለምሳ ዶሮ ወጥ፤ እናት ወይም አክስት ባቁላላችው ሽንኩርት የተሠራ። ምግብ ቤት ውስጥ ያን የመሰለ ዶሮ ማግኘት ከባድ ነው። ደግሞ ቅበላ ላይ አያት ከልጅ ልጅ ጋር ካልበላ ምኑን ቅበላ ሆነ? ሥጋ ቤት ለሚወድ ቅዳሜ ማታ አለለት።

መጠጡስ? ብዙ ጿሚ በጾሙ አልኮል ስለሚያቆም መጠጡም የመጨረሻ ነው። ሰው ቢራ ይደረድራል፤ አረቄ ይደግማል። እኔ ጠጅ እመርጣለሁ፤ ያውም አንድ ብርሌ። ከዶሮ ወጥ በርበሬ ጋር የሚሄደው እሱ ነው። ለማይጠጣ ብርዝ አለ። ሰኞ ጠዋት ራሱን እያመመው የሚነሣ ሰው ጾሙን የሚጀምረው በሕመም ነው። መኪና ይዞ የወጣማ ጭራሽ አይጠጣ።

በስደት ያለ ሰው ቅበላው ይከብዳል። የሥራ ሰዓቱ አያመቸውም፤ ሰብሳቢ ዘመድም ላይኖረው ይችላል። ግን ሐበሻ በብዛት ባለበት ከተማ፣ ለምሳሌ በዋሽንግተን አካባቢ፣ ክትፎ የሚሠራ ምግብ ቤት አይጠፋም። ጥሪ መጠበቅ አያስፈልግም። ብቻውን የሚኖር ሰው የምታውቁ ከሆነ «ቅበላ የት ነን?» ብላችሁ ቀድማችሁ ደውሉለት።

የተረፈውን ምን እናድርግ የሚለው የእሑድ ማታ ጥያቄ ነው። ወጡን ለማይጾም ጎረቤት በጊዜ፣ ሳይበላሽ፣ ከነእንጀራው ላኩ። ቅቤው ከተነጠረ እስከ ፋሲካ ይቆያል። ድስቱና ጭልፋው በሙቅ ውኃ ታጥቦ ያድር፤ ሰኞ ሽሮ ይሠራበታል።