ከኳላ ላምፑር ሲንጋፖር፦ የአየር ርቀትና የጉዞ ጊዜ

ከማሌዥያ ዋና ከተማ ከኳላ ላምፑር ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ሲንጋፖሩ ቻንጊ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት 297 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአብራሪዎች መለኪያ 160 ኖቲካል ማይል። በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር የሚበር ጄት ይህን በ22 ደቂቃ ይጨርሰው ነበር። የአየር መንገዶቹ የጊዜ ሰሌዳ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ይመድባል።

ሰሌዳው የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከመሳፈሪያው በር ከተላቀቀበት ደቂቃ አንስቶ መድረሻው በር ላይ እስኪቆም ነውና። በመሀሉ ወደ ማኮብኮቢያው ማዝገምና ተራ መጠበቅ አለ፤ ካረፉ በኋላም ሌላ ማዝገም። አየር ላይ የሚያሳልፈው 45 ደቂቃ ገደማ ሲሆን፣ አብዛኛው ሽቅብ መውጣትና ቁልቁል መውረድ ነው። አስተናጋጆቹ ውሃ አድለው ሳይጨርሱ «ቀበቶ እሰሩ» ቢባል አይገርምም።

ሁለቱም ማረፊያዎች ከምድር ወገብ በስተሰሜን ከሦስት ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ ናቸው። በረጃጅም መስመሮች ላይ መሄጃና መመለሻን በሰዓታት የሚያበላልጠው ኃይለኛ የምዕራብ ነፋስ እዚህ ስለማይደርስ፣ የሁለቱ አቅጣጫ ጊዜ እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። የሚያዘገየው የከሰዓት በኋላ ነጎድጓድና የመስመሩ መጨናነቅ ነው። ኦኤጂ የተባለው የበረራ መረጃ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ዘገባ ይህን መስመር በዓመት ከ30 ሺህ በላይ በረራዎች ከዓለም አቀፍ መስመሮች ሁሉ ቀዳሚ አድርጎታል። ለርካሽ አየር መንገዶች የተከፈተው ግን ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ነው፤ ከዚያ በፊት ከሠላሳ ዓመት በላይ የሁለቱ አገሮች ብሔራዊ አየር መንገዶች ይዘውት ቆይተዋል።

ተጓዡ ሰዓቱን ማስተካከል አያስፈልገውም። ምዕራባዊቷ ማሌዥያ (ኳላ ላምፑር ያለችበት ልሳነ ምድር) እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1982 ሰዓቷን በ30 ደቂቃ ስታስቀድም ሲንጋፖርም ተከትላታለች።

ከቤት እስከ ሆቴል ያለው ሂሳብ ሌላ ነው። የኳላ ላምፑሩ ማረፊያ የሚገኘው ከከተማው በስተደቡብ ሴፓንግ ውስጥ ሲሆን፣ ፈጣኑ ባቡር እንኳ ከከተማው 57 ኪሎ ሜትሩን ለመሄድ ግማሽ ሰዓት ይፈጅበታል። ቀድሞ መገኘቱ፣ ፍተሻው፣ ኢሚግሬሽኑና ከቻንጊ ወደ መሀል ከተማ ያለው መንገድ ሲደመሩ አራት ሰዓት ይሞላል። 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሚነዳው አውቶቡስ ድንበሩ ላይ ወረፋ ካልያዘው ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስድበታል፤ መሀል ከተማ ስለሚያወርድ ብዙዎች ይመርጡታል። ጉዞውን በ90 ደቂቃ ይጨርሳል የተባለለት ፈጣን ባቡር እ.ኤ.አ. በ2016 ስምምነት ተፈርሞለት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ግን ስምምነቱ ፈረሰ።