ፒግመንት ምንድን ነው?

ከባሕር ዳር በጀልባ ዘጌ ሄዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ሰው፣ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ቀለሙ ነው። «እንዴት እስካሁን አልደበዘዘም?» ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለመመለስ ግን «ቀለም» የሚለው ቃላችን ትንሽ ያስቸግራል። ደብተራው የሚጽፍበት ቀለም ነው። ግድግዳ የሚቀባው ቀለም ነው። ቀይና ቢጫም ቀለም ናቸው። ሠዓሊ ግን ሁለት ነገር ለይቶ ማወቅ አለበት። አንዱ ፒግመንት ነው፤ ሌላው ፒግመንቱን አጣብቆ የሚይዘው ማያያዣ ነው።

ፒግመንት ቀለም ያለው ደቃቅ ዱቄት ነው። ዋናው ጠባዩ አለመሟሟቱ ነው። እንሶስላን አስቡት። ተወቅጦ እጅ ላይ ሲያድር ቆዳው ውስጥ ይሰርጻል። እንዲህ ያለው ማቅለሚያ ነው እንጂ ፒግመንት አይባልም። ፒግመንት ላይ ላዩን ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የሚይዘው ነገር ይፈልጋል።

ቤት ውስጥ ሞክሩት። ከቡናው ከሰል አንድ ቁራጭ ውሰዱና እንደ በርበሬ ወቅጣችሁ ንፉት። በውሃ በጥብጡና ወረቀት ላይ ቀቡ። እርጥብ እያለ ጥቁሩ ቁልጭ ያለ ነው። ሲደርቅ ግን በጣት ብታሹት ጣታችሁ ይጠቁራል። አሁን ያንኑ ዱቄት በእንቁላል አስኳልና በጠብታ ውሃ ለውሱና ቀቡ። ደርቆ ሲታሽ እንደ መጀመሪያው አይለቅም። ከሰሉ ያው ከሰል ነው። የተጨመረው ማያያዣ ብቻ ነው።

የድሮ ሠዓሊዎቻችን ሥራም በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነው። ጥቁሩ ከጥላሸት ወይም ከከሰል ይመጣል። ቀይና ቢጫ፣ ብረት ካለበት አፈር። ነጩ ከጀሶ። ማያያዣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከእንስሳ ቆዳ ተቀቅሎ የሚወጣ ሙጫ ነው። በጣና ዙሪያ አብዛኛው የመቅደስ ሥዕል ጭቃው ላይ በቀጥታ የተሳለ እንዳይመስላችሁ። ሥዕሉ ያለው የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው፤ ጨርቁ ነው ግድግዳው ላይ የተለጠፈው። ጠርዙ የተላጠበት ቦታ ካጋጠማችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩ። ክሩ ይታያል።

ቀይ አፈር ለምን አይደበዝዝም? ቀለሙ የብረት ዝገት ስለሆነ ነው። አንዴ የዛገ ብረት ፀሐይ ቢያየው፣ ዘመን ቢያልፍበት፣ ቀለሙን እምብዛም አይለውጥም። ሁሉም ፒግመንት ግን እንዲህ የዋህ አይደለም። ደማቁ ቢጫ ኦርፒመንት አርሰኒክ አለበት። ደማቁ ቀይ ቨርሚሊየን ደግሞ ከሜርኩሪ ነው። ሁለቱም መርዝ ናቸው።

በጣም የሚያስደንቀኝ የሰማያዊ ታሪክ ነው። ቀይ በየጓሮው አለ፤ ሰማያዊ ግን እንደ ልብ አይገኝም። ግብፆች ከ4,500 ዓመት በፊት አሸዋ፣ መዳብና ኖራ አብረው አቃጥለው ሠሩት። አውሮፓውያን ከአፍጋኒስታን ተራሮች የሚመጣ ላፒስ ላዙሊ የተባለ ድንጋይ እየፈጩ ይጠቀሙ ነበር፤ ውድነቱ ከወርቅ ጋር የሚወዳደር ነበር። በእኛ ጥንታዊ ሥዕሎች ላይ በተደረጉ የላቦራቶሪ ምርመራዎች ከተክል የሚወጣው ኢንዲጎና ስማልት የሚባል የተፈጨ ሰማያዊ ብርጭቆ ተገኝተዋል። ስማልት ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። የገዳም ግድግዳ ላይ የነጋዴ መንገድ ተሥሎ እንደማየት ነው።

ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1706 ገደማ በርሊን ውስጥ ዲስባኽ የተባለ ቀለም ሠሪ ቀይ ሊሠራ ሲል በተበከለ ፖታሽ (ከአመድ የሚወጣ ጨው) ምክንያት ሰማያዊ ወጣለት። የፕሩሲያ ሰማያዊ ይባላል። እቴጌ ምንትዋብ ደቅ ደሴት ላይ ናርጋ ሥላሴን ሲያሠሩ ይህ ቀለም ገና የጥቂት ዐሥርት ዓመታት ዕድሜ ነበረው። ለተመራማሪ ትልቅ ፍንጭ ነው። በአንድ ሥዕል ላይ የፕሩሲያ ሰማያዊ ከተገኘ፣ ያ ቦታ ከ1706 በፊት አልተቀባም ማለት ነው። «የ15ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕል ነው» ቢባል እንኳ ቢያንስ በኋላ ተነካክቷል።

ከዚያ ወዲህ ለውጡ ፈጥኗል። እ.ኤ.አ. በ1828 የላፒስ ላዙሊው ሰማያዊ በፋብሪካ መሠራት ቻለና ረከሰ። በ1841 ጆን ራንድ የቆርቆሮ ቱቦ ፈጠረ፤ ከዚያ በፊት የአውሮፓ ሠዓሊ የዘይት ቀለሙን በአሳማ ፊኛ ቋጥሮ ነበር የሚይዘው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቲታኒየም ነጭ እርሳስ ከተባለው ብረት የሚሠራውን ነጭ ተካ። አክሪሊክም መጣ። የአክሪሊክ ማያያዣው ፕላስቲክ ነው፤ እርጥብ ሳለ በውሃ ይቀጥናል፣ ከደረቀ በኋላ ግን ውሃ አይፈታውም።

የድሮው የቆዳ ሙጫ እንዲህ አይደለም። ውሃ ሲነካው እንደገና ይለሰልሳል። ይህን ሳያውቅ፣ በቅን ልብ፣ አቧራ ለብሷል ብሎ የቆየ ሥዕል በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውል ሰው አለ። ጨርቁ ላይ የሚቀረው ቀይ የቅዱሱ ካባ ነው። በሱቅ ዘይት ቀለም ላዩን ማደስም ያው ጉዳት ነው። አዲሱ ቀለም ደርቆ ይጠነክርና ሲላጥ የሥሩን ይዞ ይነሣል። ሙያተኛ እንኳ መጀመሪያ በማይታይ ጥግ፣ በጥጥ ጫፍ፣ ስንዴ በምታህል ቦታ ላይ ሞክሮ ነው የሚጀምረው።